ከማሽኗ ምላስ ሥር

ሰቆጣ ውስጥ መስታወትን የማያውቅ ሰው ካለ በርበሬ ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። ገበያው መግቢያ ላይ ጉልት ዘርግታ የምትቀመጠው፣ ያቺ ቀጭን ረጅም፣ ከኋላዋ ድንገት «እንዴት ዋልሽ» ሲሏት መስፈሪያ ጣሳዋን የምትጥለው ሴት ናት። ፍርሃት መንታዋ ነው፣ አብሯት ነው የተወለደው። መብረቅ ትፈራለች፣ ውሻ ትፈራለች፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ትፈራለች። ስልኳ ሲጮህ «ሃሎ» አትልም፤ «ማን ሞተ?» ነው የምትል። ሲብስባት ደግሞ አማርኛው ከነጭራሹ ይጠፋባትና በአፍ መፍቻዋ በኽምጣንጋ ብቻ ትለፈልፋለች፤ ያን ጊዜ የወለደቻት እናቷ ብትሰማት እንኳ አንዱን ቃል ከአንዱ አትለይላትም።

እኔ ዘመናይ ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ። «መስታወት ከቤት የምትወጣው ጥላዋን አስፈቅዳ ነው» ብዬ ሳማት ሰምታ፣ «ጥላዬስ ፈቅዳልኝ ነበር፣ አንች ነሽ እንጂ በወሬ የማታሳልፊኝ» ያለችኝ ሴት ናት። እንግዲህ ፈሪ አልኋት እንጂ ሰነፍ አላልኋትም። ባሏ ጌታሰው ከሞተ ወዲህ ልጇን ትግስትን በዚያች በርበሬ አሳድጋለች። ጦርነቱ የመጣ ጊዜ መንደሩ እቃውን እየጣለ ሲሸሽ እሷ በሯን ዘግታ ቀረች። ስንመለስ ቤቷም በርበሬዋም እንዳሉ ናቸው። ጀግና ናት ብለን ስንሰበሰብባት፣ «ኧረ የምን ጀግና፣ መንገዱን ፈርቼ ነው» አለችን።

አባ ወልደ ገብርኤል የነፍስ አባቷ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸውም አንዱ አዲስ አበባ አንዱ አረብ አገር ተበትነዋል። ባለፈው ክረምት ታመው፣ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ወድቀው ያገኘቻቸው መስታወት ናት። በሰው አሸክማ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። ሲሻላቸውም ወደ ባዶ ቤታቸው አልመለሰቻቸውም፤ ግቢዋ ውስጥ ያለችውን ክፍል ለቅልቃ አስገባቻቸው። ከሐኪም ቤት የወጡ ዕለት ነርሷ ለብቻዋ ጠርታት፣ ለስላሳ ነገር ትንሽ ትንሽ እያደረገች እንድታበላቸው ነገረቻትና፣ «ሆዳቸው ባዶውን ሰንብቶ ሁለተኛ ከወደቁ ግን አይነሱም» አለቻት። ይችን ቃል መስታወት እንደ ክታብ አንገቷ ላይ አሰረቻት። ጉልቷ ላይ ገበያተኛ ፊቷ ቆሞ እያለ ብድግ ትልና «አባ በልተው ይሆን?» እያለች ወደ ቤት ትከንፋለች፤ በርበሬዋን የምጠብቅ እኔ።

ችግሩ አባ ጥርስ የላቸውም። አንዲት ቀርታለች፣ እሷም ለምስክርነት ናት። እንጀራው ሆዳቸውን ያቃጥላቸዋል፣ የዳቦ ቤቱ ዳቦ ድዳቸውን ያደማዋል፣ አጥሚት ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ማሽኗ ባትመጣ ኖሮ እንጃ።

ማሽኗን የላከች ትግስት ናት። ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እመቤቷ አዲስ ስትገዛ አሮጌዋን ሰጠቻት፣ ትግስትም ወደ አገር ለሚገባ ሰው አሸክማ ላከችልን። የውኃ ባልዲ የምታህል ነጭ ሳጥን ናት፣ ክዳን ያላት። ውስጧ ጥቁር ድስት አለ፤ የድስቱ ወለል መሃል ላይ ደግሞ ሊጡን እየዞረች የምታቦካ ትንሽ ብረት። ያችን ብረት ሰፈሩ ምላሷ አላት። ማሽኗን ራሷን ቤሩት አልናት። ትግስት በስልክ እንዴት እንዳስተማረቻት ልንገራችሁ፤ ልጅቱ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ቃሏን ሁሉ በአረብኛ ታጅበዋለች። «እማ፣ ኸላስ፣ አትፍሪ። ዱቄት ታደርጊያለሽ፣ ውኃ ታደርጊያለሽ፣ ቁልፉን ትጫኛለሽ፣ ያላ፣ ራሷ ታቦካለች ራሷ ትጋግራለች።»

አትፍሪ ማለቱስ ቀላል ነው። መጀመሪያ ቀን ቁልፉን በማማሰያ ጫፍ ነው የተጫነችው። ማሽኗ «ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ» እያለች ማቡካት ስትጀምር ከነጠረጴዛው ወደ እኛ መጠጋት ያዘች። ሁለታችንም ውጭ ነን። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጸበል ይዘው መጡ። መስታወት ግን መብራትና ውኃ አይገናኙም ሲባል ሰምታለችና፣ ዓይኗን ጨፍና ሮጣ ሶኬቱን ነቀለችው። ማሽኗ ቀጥ አለች። አባም ጸበላቸውን እንደያዙ ገመዱን አይተው፣ «ለካ ጋኔኑ በዚህ ነው የሚገባ» አሉ።

በሁለተኛው ሙከራ የወጣችው ዳቦ ግን ጥጥ ነበረች። አባ ሻይ ውስጥ ነከር አድርገው በሉ፣ ደገሙ። ከዚያ ቀን ወዲያ ፊታቸው እየሞላ፣ ድምፃቸው እየተመለሰ መጣ። ጠዋት ጠዋት በክፍላቸው በር ብቅ ይሉና «ቤሩት እንዴት አደረች?» ይላሉ።

ቅበላ ደረሰ። መቼም የሁዳዴ ዋዜማ ሆዳችን እንደ ስልቻ ነው፣ ለሁለት ወር ሊሰንቅ ይፈልጋል። መስታወትም ትግስት የነገረቻትን ወተትና እንቁላል የገባበትን ዳቦ፣ ከራሷ ደግሞ የተነጠረ ቅቤ ጨምራ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስትጋግር ሰነበተች። ሽታው በግድግዳው ስንጥቅ እየመጣ ስንቴ ከመኝታዬ አስነስቶኛል።

የሁዳዴ ሰኞን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የፍስክ እቃ ሁሉ ይወጣል፤ ድስት፣ ጭልፋ፣ ጣሳ ሳይቀር በፈላ ውኃና በአመድ ይፈተጋል፣ ፀሐይ ላይ ይደፋል። ሴቱ የጎረቤቱን እቃ እያነሳ ያሸታል። «ይኸ አሁንም ቅቤ ቅቤ ይላል» ከተባለሽ እስከ ፋሲካ ስምሽ ከሰው አፍ አይወርድም። መስታወት ደግሞ የነፍስ አባቷ የሚበሉበት ነውና ከሁላችን ባሰች። የማሽኗን ድስት አውጥታ በአመድ አሸችው፣ በአሸዋ አሸችው፣ በሽቦ ፈተገችው። የድስቱ ውስጥ ጥቁር ነው አላልኋችሁም? እሷ ጥላሸት መስሏት። ላብ በላብ ሆና ነጭ ብረት እስኪወጣው ላጠችው፤ አንስታም ለሰፈሩ አሳየችው። «አይ መስታወት፣ እጅሽ ይባረክ፣ ይኸን ሁሉ ጥቀርሻ ይዛ ኖሯል የመጣች» አልናት። ሳጥኗም ላይ የፈላ ውኃ ልትገለብጥባት ስትል እኔ ነኝ እጇን የያዝሁ። ምላሷን ግን እላይ እላይዋን አሸቻት እንጂ አልነቀለቻትም። የምትነቀል መሆኗን ማን ነገራት? እንደ እንስራ ጆሮ አብራ የተሠራች ነው የመሰለን።

ጾሙ ገባ። አባ እንደ ወትሯቸው እስከ ሠርክ ካልዋልሁ ብለው ነበር፤ የደብሩ ካህናት ናቸው በሽተኛ ነዎት ብለው ለምነው እስከ ስድስት ሰዓት ያስማሟቸው። መስታወት ዱቄት፣ ጨው፣ እርሾና የኑግ ዘይት ብቻ ታደርጋለች። በስድስት ሰዓት ዳቦውን በሻይ ታቀርባለች። አባም ያጣጥሙና ያመሰግናሉ። አንድ ቀን እኔም ባለሁበት ጢማቸውን እየጠረጉ፣ «የጾም ዳቦ እንዲህ ከጣፈጠ ለፋሲካ ምን ሊቀረው ነው?» አሉ። ሳቅን። መስታወትም በኩራት መቀነቷን አጠበቀች። ይችን ቃል ያዙልኝ።

ደብረ ዘይት ሲቃረብ አባ አንድ ነገር አወጁ። ከታመሙ ወዲህ ሥጋ ወደሙ አልተቀበሉም፤ የዚያ የደብረ ዘይት እሁድ ሊቆርቡ ነው። ነጭ ልብሳቸውን አሳጠቡ። እንደ ሙሽራ ነበር የሚያደርጋቸው።

በዚያው ሳምንት ማሽኗ ታመመች። ዳቦው ከተላጠው ድስት ጋር ይጣበቅ ከጀመረ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ስታቦካ «ጢርርር» የሚል ጩኸት አወጣች፣ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው። መስታወት ሮጣ ለትግስት ደወለች። ልጅቱ መጀመሪያ ድስቱን በስልክ አየችውና ጮኸች። «እማ ምን አደረግሽው? ያ እኮ ጥላሸት አይደለም፣ እንዳይጣበቅ የተቀባ ነው! አመድ አይነካውም፣ ሽቦ አይነካውም፣ በለስላሳ ጨርቅ ነው የሚታጠብ!» ቀጥላም ብረቷን በየጊዜው እያወጣች መዘፍዘፏን አለመዘፍዘፏን ጠየቀቻት።

«የቷን ብረት?» አለች መስታወት።

«መሃሉ ላይ ያለችውን ነዋ።»

«እሷ ትወጣለች እንዴ?»

ትግስት «ያ ረቢ» አለች። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ድስቱ ውስጥ አድርጋ እንድታቆየው፣ ዳቦው ሲለቅ ብረቷን ወዲህ ወዲያ ነቅነቅ አድርጋ እንድትስባት ነገረቻት። መስታወት እንደተባለችው አደረገች። ምላሷ «ቷ» ብላ ወጣች። ከሥሯ፣ ከተሰካችበት ቀዳዳ ውስጥ፣ ደርቆ የጠጠረ ሊጥ፣ በዙሪያው ደግሞ ወዛም ቢጫ ነገር ታየ።

እኔ ግቢዬ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። በአጥሩ ላይ ፊቷን አየሁት፤ አመድ መስሏል። «ዘመናይ፣ አፍንጫሽን አምጭው» አለችኝ። ሄድሁ። ምላሷን በእጇ መዳፍ ይዛ አስጠጋችልኝ። አፌ መቼም ከአሳቤ ይቀድማል።

«ቅቤ ነው» አልሁ።

ኮሰረቱ እንኳ ይሸታል። የቅበላ ቅቤ ነው። መስታወት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን ኽምጣንጋም አማርኛም አይደለም። ያን ጊዜ ነው የአባ ቃል ጆሮዬ ላይ የመጣችብኝ፤ የጾም ዳቦ እንዲህ ከጣፈጠ ያሏት። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ማሽኗ በሞቀች ቁጥር ያ ቅቤ እየቀለጠ ሊጡ ውስጥ ሲገባ ኖሯል። መስታወት የነፍስ አባቷን ስታስገድፍ ሰንብታለች።

ይኸ ምን ያስፈራል የምትሉ ካላችሁ አባን አታውቋቸውም። ዱሮ በጾም አንድ ቤት ተጋብዘው ሲበሉ፣ ወጡ ወተት በነካው ጭልፋ የተማሰለ ኖሮ ኋላ ተነገራቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ተኝተው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ሦስት ቀን ሰነበቱ። ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ አሁን ግን ነፋስ ሲነፍስ በር የሚይዙ ሰው ናቸው።

«ብነግራቸው በጾም ራሳቸውን ይገድላሉ» አለችኝ መስታወት። «ባልነግራቸው ደግሞ እንደገደፉ ሊቆርቡ ነው።»

ሌላ ቄስ ዘንድ ሄዳ እንድትናዘዝ መከርኋት። በዚያ ፍርሃቷ መሃል እንኳ ገላመጠችኝ፤ ነፍስ አባት እንደ ባል ነው፣ ሲያስፈራሽ ወደ ጎረቤቱ አይኬድም አለችኝ። እንግዲያው ዝም በያቸው፣ ሳያውቁ የበሉት ነው አልኋት። «እኔስ? እኔ አውቄ የለም እንዴ?» አለች። አፌን ዘጋሁ፤ በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደዘጋሁት ደግሞ ሰፈሩ ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ የነበሩትን ቀኖች ለጠላቴም አልመኛቸውም። መስታወት ማሽኗን ልታስነሳት ፈራች፣ አባን ልታያቸውም ፈራች። በስድስት ሰዓት የዳቦ ቤት ዳቦ ይዛ ገባች። አባ ቤሩት ምን ሆነች አሉ። መብራት የለም አለች። አባም ቀና ብለው እላያቸው ላይ ቦግ ያለውን አምፖል አዩት።

«ታዲያ ይች በምን ትበራለች?»

«ይ... ይች የበፊቱ መብራት ናት፣ አባ።»

ወጥታ እንባዋን እየጠረገች ስትነግረኝ፣ እመቤቴ ትየኝ፣ ሳቄ መጣ። እሷ ግን ውሸት ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው፣ ያውም ለነፍስ አባቷ።

ሌላውን ሰዓቷን ማሽኗን ስታጸዳ ትውላለች። ትግስት በድምፅ የላከችላትን ደጋግማ ታሰማኛለች። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ማሽኗ ፈጽማ ቀዝቅዛ። የምላሷን ቀዳዳ በስንጥር፣ ከዚያ በክር በተጠቀለለ ጨርቅ። ምላሷ የምትሰካበትን ዘንግ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና። ሳጥኗ ውስጥ የወደቀውን ፍርፋሪ በደረቅ ቡሩሽ፣ ማሞቂያውን ሽቦ ሳይነኩ። በመጨረሻ ክዳኗን ከፍቶ ማናፈስ። መስታወት አንድ ጊዜ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሬሳ የምታጥብ ነው የምትመስል። ስታበቃ ምላሷን ወደ አፍንጫዬ ታመጣለች፤ ምንም አይሸትም እላታለሁ፤ አታምነኝም፣ እንደገና ትዘፈዝፋታለች።

አባ ደግሞ አይበሉም። የዳቦ ቤቱን ዳቦ ቁራሽ ይይዙና ድዳቸው ሲደማ ያስቀምጡታል። ሻይዋን ብቻ ፉት ብለው «ይበቃኛል ልጄ» ይላሉ። ዓርብ ጠዋት ለጸሎት ሲነሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና የበሩን መቃን ያዙ። መስታወት ከጓዳዋ አየቻቸው። አንገቷን ስትነካ አየኋት፣ ያ የነርሷ ቃል ያለበትን። ብትናገር ባዶ ሆዳቸውን ይሰነብታሉ ብላ ፈርታ ዝም ብትል፣ ዝምታዋ ራሱ ሆዳቸውን ባዶ አድርጎታል።

«ዘመናይ፣ ማሽኗን ያዥልኝ» አለችኝ። እሷ ምላሷን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ከፊት፣ እኔ ቤሩትን ታቅፌ ከኋላ፣ ልቅሶ እንደሚደርስ ሰው ገባን። ማሽኗን አስቀምጬ መውጣት ነበረብኝ፤ ወጣሁም፤ እግሬ ግን ደጃፉ ላይ ሲደርስ አልታዘዘኝም።

መስታወት እግራቸው ሥር ወደቀች። «ይፍቱኝ አባቴ» አለች።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

ነገረቻቸው። አማርኛው እየጠፋ እየተመለሰ፣ ቅበላውን፣ ቅቤውን፣ አመዱን፣ ቀዳዳውን፣ የአምፖሉን ውሸት ሳይቀር ነገረቻቸው። አባ ምላሷን ከጨርቁ አውጥተው አገላበጧት።

«ከዚህች ሥር?»

«ከዚያች ሥር፣ አባ።»

«እኔ ደግሞ ስትጣፍጠኝ ጸጋ መስሎኝ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። መቋሚያቸውን ፈለጉ። «እንግዲህ ከአሁን ጀምሮ ውኃም አልቀምስም። ልብሴን አምጭልኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የምሰነብተው።»

ይኸውላችሁ፣ የፈራችው መጣ። መስታወት ከወደቀችበት ተነሳች። ከዚያ ጥላዋን አስፈቅዳ የምትወጣዋ ሴት የበሩ መሃል ላይ ሄዳ ቆመች። የመቀነቷ ጫፍ ሲርገበገብ ከኋላዋ ሆኜ አያለሁ።

«አይሆንም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አይሆንም አልሁ፣ አባ። ሆድዎ ባዶውን ከሰነበተ አይነሱም ብላኛለች ነርሷ። ለእርስዎ አልነገርሁዎትም፣ እንዳይፈሩ ብዬ ለብቻዬ ስፈራ ኖርሁ። ደግሞስ የእኔን የንስሐ ቀኖና እርስዎ ይሰጡኛል። የእርስዎን ማነው የሚሰጥዎ? ራስዎ ለራስዎ ይሰጣሉ?»

እኔ እንግዲህ ምድር ተከፍታ ትውጠኛለች ብዬ ነበር። ለነፍስ አባት እንዲህ ተብሎ ያውቃል? አባ ቆመው አዩዋት። ኋላ ቀስ ብለው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። «ልክ ነሽ፣ ራሴን አልፈታም» አሉ። «ይርዳውን ጥሩልኝ።»

ቄስም የነፍስ አባት እንዳለው ያን ቀን ነው ልብ ያልሁ። ቄስ ይርዳው የደብራችን ወጣት ካህን ነው፣ ልጅ ሆኖ ዳዊት የደገመው ከአባ እግር ሥር ነው። በአለንጋቸው ያልተገረፈበት ገላ የለውም፤ ራሱ ነው የሚናገረው። የአባ የቀድሞ ንስሐ አባት ሲያርፉ ግን አባ ከካህናቱ ሁሉ እሱን መርጠው አጎንብሰው «አባቴ ሁነኝ» አሉት። ልጠራው ስሄድ ቅኔ ማኅሌቱ ደጃፍ ላይ አገኘሁት። አባ ይፈልጉሃል ስለው መጀመሪያ እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ፣ አለንጋው ትዝ ብሎት መሰለኝ።

ገባና በሩ ተዘጋ። መስታወትና እኔ የግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የንስሐ ነገር ጆሮ አይጣልበትም፣ እኔም አልጣልሁም፤ ግድግዳው ጭቃ መሆኑ የእኔ ጥፋት አይደለም። ለብዙ ጊዜ ማጉረምረም ብቻ ነበር። ከዚያ የአባ ድምፅ ከፍ አለ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔን?» ሲሉ። መስታወት ክንዴን ያዘች፤ ጥፍሯ ገባ። የይርዳው ድምፅ አልተሰማም። ከዚያ የማንም አልተሰማም። ያ ዝምታ ነው የገደለን። መስታወት ወድቀው ይሆን ብላ ሁለቴ ተነሳች፣ ሁለቴ ጎተትኋት።

ይርዳው ሲወጣ ጥምጣሙ ሥር ላብ ተንቆርዝዟል። ቀኖና ለሌላ ሰው አይነገርም፤ ይኸኛው ግን ያለ ወጥ ቤት አይፈጸምምና ለመስታወት መንገር ነበረበት። እየተንተባተበ ነገራት። «የአባ ቀኖና መብላት ነው። እስከ ትንሣኤ፣ በየቀኑ በስድስት ሰዓት፣ የቀረበላቸውን። ቁርባኑም... ቁርባኑም ለትንሣኤ ይደር ብያለሁ።» ይኸን ብሎ ወደ ኋላው ሳያይ ሄደ፤ አጥሩን ሲያልፍ ሮጠ ብል አልዋሸሁም።

መስታወት አልተደሰተችም። እኔ ነኝ እልል ልል የነበርሁ፣ ፊቷን ሳየው ተውሁት። «የእሁዷን ቁርባን ነጠቅኋቸው» አለች። «ነጭ ልብሳቸውን አሳጥበው። ቢያዝኑብኝስ? ቀኖናውንስ እንቢ ቢሉ?» ለእሷም አባ ስግደት ሰጥተዋታል፤ ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ ጠይቄ ልትነግረኝ አልቻለችም።

ቅዳሜ ማለዳ ማሽኗን አስነሳቻት። አዲስ ዱቄት፣ ጨው፣ እርሾ፣ ውኃ፤ ኑጉን ድስቱ ላይ በጣቷ ቀባችው፣ የተላጠው እንዳይይዝ። ምላሷን ከመሰካቷ በፊት አሸተተቻት፣ አሸተትኋት። ማሽኗ «ዱብ፣ ዱብ» ስትል ጩኸቱ የለም። ሊጡ ኩፍ እያለ ሳለ አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ፤ መስታወት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያን የዋሸችውን ውሸት እግዚአብሔር እንዳያስታውስባት ስትለምን ሰማኋት። መብራቱ ቆመ። ዳቦው ወጣ።

ስድስት ሰዓት ላይ ይዛ ገባች፤ እኔ ደጃፉ ላይ ነኝ። አባ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትናንት ስግደቷን ከነገሯት ወዲያ አንድ ቃል አልተናገሯትም። ዳቦውን በሻይ አቀረበችላቸው። አዩት። አልነኩትም። ነጭ ልብሳቸው ከራስጌያቸው ታጥፎ ተቀምጧል፤ አንድ ጊዜ ወደሱ አዩ። 

«ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ አባ» አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ።

አባ አማተቡ። ቆረሱ፣ ነከሩ፣ ጎረሱ። ጥርስ የለምና ድምፅ የለም፤ ጢማቸው ወደላይ ወደታች ሲል ብቻ ነው የምናይ። ዋጡ። ከዚያ ፊታቸው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ጭምድድ አለ።

«አዎ» አሉ። «የጾም ዳቦ ይኸ ነው።»

ሁለተኛውን ቆረሱ። ሦስተኛውንም። ሻዩ ሲያልቅ ብርጭቆውን ዘረጉላት፣ እንድትደግማቸው።

መስታወት ቀዳችላቸው። ስትወጣ ፊቷ ላይ ደስታ አያለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልነበረም። በቀጥታ ወደ ጓዳዋ ገባች። ማሽኗ ቀዝቅዛለች። ለብ ያለ ውኃ ድስቱ ውስጥ አደረገች፣ ጠበቀች፣ ምላሷን ወዲህ ወዲያ ነቅንቃ አወጣቻት። ከሥሯ አየች። ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደቻት፣ እንደገና አየች፣ አሸተተች። ከዚያ ጠራችኝ።

«ዘመናይ፣ አፍንጫሽን አምጭው።»